የዓይነ ስውራን ድርጅት የሰው ኃይል መመሪያ እየጻፍኩ ነው፦ ረዳት፣ ሰዓትና ፊርማ ላይ ሐሳብ ስጡኝ

የቢሮዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ዓይነ ስውራንን የሚያገለግል አገር በቀል ድርጅት ውስጥ አስተዳደርና ሰው ኃይል ላይ ነው የምሠራው። ትልቅ ቢሮ አይደለንም። የኮምፒውተር ሥልጠና እንሰጣለን፣ በነጭ በትር መንቀሳቀስ እናስተምራለን፣ የምክር አገልግሎትም አለን። ከሰራተኞቻችን ብዙዎቹ ራሳቸው ዓይነ ስውራን ናቸው።

ቦርዱ የሰው ኃይል መመሪያው እንደ አዲስ ይጻፍ ብሎ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። አሁን ያለው መመሪያ ከሌላ ድርጅት ተወስዶ ስሙ ብቻ የተቀየረ ነው። ስለ መኪና ስምሪት ገጽ ሙሉ ያትታል፣ እኛ ግን መኪና የለንም። ስለ ረዳት፣ ስለ ስክሪን ሪደር (ኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም)፣ ስለ ብሬል አንድም መስመር የለውም።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛ ረዳት። ዓይነ ስውራን ሰራተኞቻችን የሚያነብላቸውና መስክ ሲወጡ የሚመራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። እስካሁን አንዲት ልጅ በፕሮጀክት በጀት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፣ ፕሮጀክቱ ሊያልቅ ነው። ሒሳብ ክፍል «ይሄ ጥቅማጥቅም ነው፣ በጀት ካለ ይሰጣል፣ ከሌለ ይቀራል» ይላል። አልተዋጠልኝም፣ ግን የምመልሰው አጣሁ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ቢሮው የጣት አሻራ ማሽን ገዝቷል። ከጠዋቱ 2፡30 ያለፈ ሁሉ ዘግይቷል ተብሎ ይመዘገባል፣ ሲደጋገም ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። አሁን ስማቸው ከላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ዓይነ ስውራን ሰራተኞቻችን ናቸው። ስንፍና አይደለም። የታክሲ ሰልፉን፣ የተቆፈረውን መንገድ፣ ቦታው የሚቀያየረውን ተራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን ለእነሱ ብቻ ሰዓት አይቆጠር ብዬ ብጽፍ ሌላው ያጉረመርማል፣ እነሱም ራሳቸው እንደዚያ ዓይነት ነገር አይፈልጉም።

የመስክ አበልም አለ። የሚመራው ሰው አበል ከየት ነው የሚከፈለው? እኛ ጋ ወጥ አሠራር የለም፣ አለቃው እንደተመቸው ነው።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብደኛል። መመሪያው ለሰራተኛው የተላከው ተፈርሞ፣ ማህተም ተመትቶበት፣ ስካን ተደርጎ ነው። ስክሪን ሪደር ሲከፍተው ባዶ ገጽ ነው የሚለው። እንደዚያም ሆኖ ሁሉም «አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ፈርሟል።

እናንተ ጋ እነዚህ ነገሮች እንዴት ነው የተጻፉት? ሕጉስ ምን ይላል? ረቂቁን በቅርቡ ለቦርድ አቀርባለሁ።


ሕግ ነክ

እህቴ፣ ከረዳቱ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ረዳት ጥቅማጥቅም አይደለም። ጥቅማጥቅም ማለት የሕክምና ሽፋን ነው፣ የበዓል ስጦታ ነው፣ የስልክ ካርድ ነው። ሰራተኛው እነሱ ቢቀሩበት ይከፋዋል እንጂ ሥራው አይቆምም። ረዳትና ስክሪን ሪደር ግን ከሌሉ ሥራው ራሱ የለም። ስለዚህ መመሪያው ውስጥ «የሥራ ሁኔታ» በሚለው ምዕራፍ ነው የሚገቡት፣ «ጥቅማጥቅም» ከሚለው አውጪያቸው። የቦታ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፣ ግን በጀት ሲጠብ መጀመሪያ መቀስ የሚገባው ጥቅማጥቅም የተባለው ምዕራፍ ውስጥ ነው።

ሕጉ ከጎንሽ ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው አመቺ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥርና አካል ጉዳተኛው ሥራውን እንዲሠራ የሚያግዘው ረዳት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። አሠሪው ሊከራከር የሚችለው ማመቻቸቱ ከአቅም በላይ ጫና ይፈጥርብኛል ብሎ ነው። ይሄም ቢሆን በቃል «አቅም የለንም» በማለት አያልቅም። የማስተካከያው ዓይነትና ወጪ፣ የድርጅቱ ስፋትና አደረጃጀት፣ የሰራተኛው ብዛት ሁሉ ይታያል። ኤንቪዲኤን ውሰጂ፣ በነፃ የሚገኝ ስክሪን ሪደር ነው፣ እሱን ለመጫን አቅም የለኝም የሚል ድርጅት ማንን ያሳምናል? ሰራተኛው በአካል ጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ ሲከስ ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። ይሄን ለቦርዱ ሳትነግሪ እንዳታልፊ።

ከዚህ በላይ ደግሞ ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አለ። እሱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ሌላ ያልጠየቅሽው ነገር፣ የሙከራ ጊዜ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ መቆጠር የሚጀምረውም ሰውየው ሥራ ከገባበት ቀን ነው። አሁን አንድ ዓይነ ስውር ባለሙያ ተቀጠረ እንበል። ኮምፒውተሩ ይገዛል ተብሎ ይጠበቃል፣ ግዢ ክፍል ፕሮፎርማ ይሰበስባል፣ ኮምፒውተሩ ሲመጣ ስክሪን ሪደር የሚጭን ሰው ይጠፋል። ግማሹ ጊዜ እንዲሁ አለቀ። ከዚያ «ውጤት አላሳየም» ተብሎ ይሰናበታል። ስለዚህ መሣሪያውና ረዳቱ ሰራተኛው ከመግባቱ በፊት ዝግጁ ይሁኑ ብለሽ ጻፊ፣ ካልተዘጋጁ ያ ጊዜ ለምዘና አይያዝበት።

ቅጥር ላይ ደግሞ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንደሚያገኝ አዋጁ ይናገራል። «ተቀራራቢ» የሚለውን በቁጥር ወስኑት፣ አለዚያ በየቅጥሩ ጭቅጭቅ ነው።


ነጭ በትር

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፣ ሌላ ድርጅት ውስጥ አማካሪ ሆኜ እሠራለሁ። ሕግ ነክ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን «ረዳት ይመደባል» የምትል አንዲት መስመር ጽፈሽ እንዳታቆሚ። እኛ ጋ ያቺ መስመር አለች፣ ምን እንደምትፈይድ ልንገርሽ።

ረዳቴ ጠዋት እንደገባች ባንክ ትላካለች። ስትመለስ ፎቶ ኮፒ። ከዚያ እንግዳ መጥቷል፣ ቡና አፍይ። ሥራ ስለምትችል ሁሉም ያዛታል፣ እሷም እምቢ ማለት አትችልም። እኔ የሚነበብልኝን ፋይል ይዤ ቁጭ ብያለሁ። በምዘና ጊዜ «ሪፖርት ታዘገያለሽ» ተብሎ ነጥቤ ተቀነሰ። ለምን እንደዘገየ የሚጠየቅበት ቦታ ምዘና ቅጹ ላይ የለም። ስለዚህ የረዳቷ የሥራ ዝርዝር ላይ የምትታዘዘው ለማን እንደሆነ ይጻፍ። ሌላ ሥራ የምትሠራው የምታግዘው ሰራተኛ ስትፈቅድ ብቻ ነው ይበል። የረዳቷን የሥራ አፈጻጸም የምትሞላውም የምታግዘው ሰራተኛ ትሁን።

ሁለተኛው ምስጢር ነው። እኔ ጋ ሰው የጤና ውጤት ይዞ ይመጣል፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ባሏ ያስፈራራት ሴት ስልኳ ላይ የተላከላትን መልእክት ታመጣለች። ይሄን ሁሉ የሚያነብልኝ ሰው ሁሉንም ያውቃል። መንደሩ ትንሽ ነው፣ ዓይነ ስውራን እርስ በርስ እንተዋወቃለን። ረዳት የምስጢር ግዴታ ፈርሞ ይግባ፣ ከሥራ ከለቀቀ በኋላም ግዴታው ይቀጥል። ተገልጋዩም የሚያነብ ሰው እንዳለ አስቀድሞ ይነገረው፣ «ሌላ ሰው ቢያነበው አልፈልግም» ካለ ወረቀቱን በስልክ አፕ ወይም በስካነር አንብበን እንጨርሳለን። ምክሩ ሲጀመር ረዳቷ ትወጣለች። እኛ ጋ እንደዚህ ነው የምንሠራው፣ ግን በልማድ እንጂ የትም አልተጻፈም። የተጻፈ ይሁን።

አበሉን በተመለከተ። ደሴ ለሥልጠና ስንሄድ «አበልሽን ከመሪሽ ጋር ተካፈይ» ተባልኩ። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ የአንድ ሰው ምግብ ለሁለት። እሷ ሥራ ላይ ነች፣ ሽርሽር አልወጣችም። መሪ የራሱ ሙሉ አበል፣ የራሱ አልጋ፣ የራሱ ትራንስፖርት አለው ብለሽ ጻፊ፣ ከሰራተኛው አበል አንድ ሳንቲም አይነካ። ሴት ሰራተኛ ደግሞ ክፍለ ሀገር ሲሆን መሪዋን ሴት አድርጉልኝ የማለት መብት ይኑራት። ወንድ መድባችሁላት «ታማኝ ልጅ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉ። አዋጁ አሠሪው ሴት አካል ጉዳተኞችን ከጾታዊ ጥቃት እንዲጠብቅ ያዘዘው እንዲህ ዓይነቱን ቦታ ነው።


ሒሳብ ሠራተኛ

የሒሳብ ሰው ሁሌ ክፉ ተደርጎ ይሳላል፣ እኔም ሒሳብ ነኝ፣ እስቲ ከእኛ በኩል ያለውን ልናገር።

የእናንተ ሒሳብ ክፍል የፈራው ነገር ይገባኛል። በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ረዳቷ አስተዳደር ስር ከተቀጠረች ደመወዟ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ትንሽ ድርጅት ደግሞ በኪራይና በኦዲት ክፍያ ብቻ ጣሪያው ሊሞላበት ይችላል። መፍትሔው ግን መቁረጥ አይደለም። አሠልጣኙ የፕሮጀክት ሰራተኛ ከሆነ ሥልጠናውን እንዲሰጥ የምታግዘው ረዳትም የዚያው ፕሮጀክት ሰራተኛ ናት። ሥራው ፕሮፖዛል ሲጻፍ ነው የሚሠራው። ረዳት፣ የመሪ አበል፣ የብሬል ኅትመት፣ የሶፍትዌር ፈቃድ የራሳቸው የበጀት መስመር ይኑራቸው። የዓይነ ስውራን ድርጅት ለዚህ በጀት ሲጠይቅ አልደግፍም የሚል ለጋሽ እስካሁን አልገጠመኝም። የሚገጥመኝ ፕሮፖዛሉ ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ በኋላ ከየትም የሚፈለግ ገንዘብ ነው።

በሁለት ፕሮጀክት መካከል ክፍተት ሲኖርስ? እኛ ጋ ከራሳችን ገቢ፣ ከአዳራሽ ኪራይና ከአባላት መዋጮ፣ ለዚህ ብቻ የሚያዝ መጠባበቂያ አለ። ትንሽ ናት፣ ግን ረዳት አሰናብተን አናውቅም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። የእኛ መመሪያ የዘመድ ቅጥር ይከለክላል፣ የብዙ ድርጅት መመሪያም እንደዚያ ነው። ዓይነ ስውር ባልደረቦቻችን ግን ወንድሜ ይምራኝ፣ ባለቤቴ ታንብብልኝ ይላሉ። አምነውታል፣ ለምደውታል፣ ጠዋት አብረው ነው የሚመጡት። ብንፈቅድ ኦዲተር ይጠይቀናል። ብንከለክል ሰውየው ከማያውቀው ሰው ጋር ይቸገራል። እናንተ ምን አደረጋችሁ?


ነጭ በትር

ለሒሳብ ሠራተኛው፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኛ ጋም ተከራክረንበታል። ለመምራትና ለመስክ ጉዞ ዘመድ ይፈቀድ፣ ግን ቅጥሩን የሚያጸድቀው ሰራተኛው ሳይሆን ሌላ ኃላፊ ይሁን፣ ክፍያው ለሌላ ረዳት የሚከፈለው ይሁን፣ ከድርጅቱም በቀጥታ ለእሱ ይከፈለው። የተገልጋይ ፋይል ማንበብ ግን ለዘመድ አይሰጥም። ባለቤቴን አምነዋለሁ፣ ተገልጋዬ ግን እሱን ሊያምነው አልመጣም።


የሰበታ ልጅ

ልጄ፣ የሰዓቱን ጉዳይ ለእኔ ተዪው። ሰበታ መርሐ ዕውራን፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ነው የተማርኩት፣ ከዚያ ዕድሜ ልኬን አስተማርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰዓት አክብሬ ኖሬያለሁ፣ ተማሪ ስለሚጠብቀኝ። ስለዚህ ዓይነ ስውር ስለሆነ ሰዓት አይቆጠርበት የሚል ነገር እንዳትጽፊ፣ ሰውን ከሰው በታች ያደርጋል። ነገር ግን ሕጉን አንብቢው። የ1156 አንቀጽ 27 በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ የዘገየ፣ ስለ መዘግየቱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰራተኛ የስንብት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ያው አንቀጽ ግን የመዘግየቱ ምክንያት በሕብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ካልሆነ በስተቀር ይላል። እጅሽ ላይ ያለው ረቂቅ ያ የሥራ ደንብ ነው! ምን ዓይነት መዘግየት ተቀባይነት እንዳለው የመጻፉ ሥልጣን የእናንተ ነው።

እኔ ብሆን ይሄን እጽፍ ነበር። መግቢያው ለሁሉም ሰራተኛ፣ ለሚያየውም ለማያየውም፣ ከ2፡00 እስከ 3፡30 ይሁን፣ የገባ ሰው የቀኑን ሰዓቱን ሞልቶ ይውጣ። ለሁሉም ከሆነ ማን ያጉረመርማል? ክፍል ያለበት አሠልጣኝ ብቻ በክፍሉ ሰዓት ይገኝ። ከዚያ ደግሞ የተለመደው መንገድ ተቆፍሮ፣ ተራው ተነሥቶ፣ ከባድ ዝናብ ጥሎ የመጣ መዘግየት፣ ሰራተኛው ደውሎ ካሳወቀ፣ እንደ ጥፋት አይቆጠር በይ። ለሚያየው ሰው የተቆፈረ መንገድ ዞሮ ማለፍ ነው። ለእኔ የማውቀው መንገድ ሲጠፋ በትሬ የሚያውቀው ሁሉ ይጠፋል፣ ከጎዳናው ጠርዝ ጀምሮ እንደ አዲስ መማር አለብኝ፣ ያ በአንድ ጠዋት አያልቅም። እናንተ እንቅስቃሴ የምታስተምሩ ድርጅት ናችሁ አይደል? ቢሮ ሲዛወር ወይም መንገዱ ሲቀየር የእናንተው አሠልጣኝ ሰራተኛውን አዲሱን መንገድ ያለማምደው፣ በሥራ ሰዓት።

ማሽኑንም እይው። አንዳንዱ አሻራውን ተቀበለ አልተቀበለ በስክሪን ብቻ ነው የሚያሳየው። ጣቱን አሳርፎ፣ ገባሁ ብሎ፣ ሳይመዘገብ የዋለ ሰው አውቃለሁ። ድምፁን ክፈቱት፣ ድምፅ ከሌለው ቀይሩት። የሚቀመጥበትም ቦታ አንድ ይሁን፣ ዛሬ በር ላይ ነገ ኮሪደር አይሁን።

ማስጠንቀቂያው ደግሞ። በወረቀት ጽፈው እጁ ላይ ያስቀምጡታል፣ ፈርም ይሉታል። ምን እንደያዘ የሚያነብለት ያው ማስጠንቀቂያውን የጻፈበት ሰው ነው። ይሄ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ አይባልም። ሰራተኛው ራሱ ሊያነበው በሚችለው መንገድ፣ በኢሜይል በጽሑፍ ወይም በብሬል፣ ካልደረሰው እንዳልተሰጠ ይቆጠር ብለሽ ጻፊ።


የቢሮዋ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመግቢያ ሰዓቱን ለሁሉም ማድረግ የሚለውን ዛሬ ለዳይሬክተሩ አንሥቼ ወዶታል። ማሽኑንም ሄጄ አየሁት፣ ድምፁ ከቅንብሩ ተዘግቶ ነው የኖረው፣ አስከፈትኩት።

ፊርማው ላይ ግን ገና ነኝ። አንድ የቦርድ አባል «ዓይነ ስውር በፈረመ ቁጥር ምስክር ያምጣ፣ ሕጉ እንደዚያ ነው» ይላሉ። ለፈቃድ ቅጽም፣ ለንብረት ርክክብም፣ ለሁሉም። እውነት ነው?


ሕግ ነክ

እሳቸው ያሰቡት የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1728 በጽሑፍ መሆን ያለባቸውን ውሎች ሲያነሣ የዓይነ ስውር ፊርማ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ዓላማው ጥበቃ ነበር፣ በማያውቀው ወረቀት እንዳይታሰር። በተግባር ግን በየባንኩ ዓይነ ስውሩን ሌላ ሰው ካልያዝክ አናስተናግድህም እስከማለት ደርሷል። ጥበቃው መከልከያ ሆኖ ቀረ። የእናንተ ድርጅት ይሄን ወደ ውስጡ ማስገባት የለበትም።

የሥራ ውል ደግሞ በ1156 መሠረት የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። በጽሑፍ ካልተደረገ እንኳ አሠሪው የውሉን ፍሬ ነገር በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለሰራተኛው መስጠት አለበት። ለፈቃድ ቅጽ ምስክር ማምጣት የሚባል ነገር የትም የለም። ሰራተኛው ከራሱ ኢሜይል «የዓመት ፈቃድ ከዚህ እስከዚህ ጠይቄያለሁ» ብሎ ይላክ፣ አለቃው በዚያው ይመልስ፣ አለቀ። ከወረቀትም የተሻለ ማስረጃ ነው። ትልልቅ ነገሮች፣ ዋስትና ወይም ብድር ከሆኑ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ይፈጽሙ፣ ለዚያም ሰራተኛው ከፈለገ የሚያምነውን ሰው እሱ ይምረጥ።

«አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚለውን ወረቀት ደግሞ ሰርዙት። ለድርጅቱም ቢሆን አይጠቅምም፣ ሊነበብ የማይችል ፋይል ልካችሁ ተረድቷል ብላችሁ ፍርድ ቤት አትቆሙም። ማህተም ያለበት ኮፒ ለፋይል ይቀመጥ። ለሰራተኛው ግን ያው ጽሑፍ በዎርድ ይላክ፣ ርዕሶቹ በርዕስ ስታይል ተሠርተው፣ ከምዕራፍ ምዕራፍ በስክሪን ሪደር መዝለል እንዲችል። ብሬል የሚፈልግ በብሬል ይሰጠው። በዎርድና በማህተሙ ኮፒ መካከል ልዩነት ቢኖርስ ለሚለው፣ ሰራተኛው በደረሰው ጽሑፍ ተማምኖ የሠራው አይጠየቅበትም የሚል አንድ መስመር አስገቢ።


ነጭ በትር

የሥነ ምግባር ምዕራፉ ላይም የሚያዩ ባልደረቦችን የሚመለከት ነገር ይግባ። ስብሰባ ላይ ማን ማን እንዳለ በስም ይነገር፣ ከክፍሉ የሚወጣም ሲወጣ ይናገር። ሰው የለም ብዬ ያወራሁትን አለቃዬ ጥግ ተቀምጦ ሰምቶ ያውቃል። ወንበርና ጠረጴዛ ከቦታው ሳይነገር አይነሣ። በር ወይ ይከፈት ወይ ይዘጋ፣ ገርበብ ብሎ አይቆም፣ ግንባራችን ነው የሚያገኘው። ሲመሩንም ክንዳቸውን ይስጡን እንጂ ከኋላ አይግፉን፣ በትሩን አይያዙብን።

የተገልጋይ ፎቶ ደግሞ አለ። ለሪፖርት ተብሎ ሥልጠና ላይ ይነሣል፣ ማንም አይጠይቅም፣ ሰውየው መነሣቱንም አያውቅም። ፎቶው ላይ ምን እንደሚታይና የት እንደሚወጣ ተነግሮት፣ እሺ ካለ ብቻ ይነሣ። እምቢ ቢል አገልግሎቱ እንደማይቀርበት አብሮ ይነገረው፣ አለዚያ ማንም እምቢ አይልም።


የቢሮዋ ልጅ

የረዳቱን አንቀጽ እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ «የሥራ ሁኔታ» ምዕራፍ ውስጥ ነው ያስገባሁት፦

«ድርጅቱ ዓይነ ስውር ለሆነ ሰራተኛ ሥራውን ለማከናወን የሚያስፈልገውን ረዳት ይመድባል። ረዳቱ በሥራ ሰዓት የሚታዘዘው ለሚያግዘው ሰራተኛ ሲሆን ሌላ ሥራ የሚሰጠው ይኸው ሰራተኛ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ረዳቱ ያነበበውን ማንኛውንም መረጃ በሥራ ላይ እያለም ሆነ ከለቀቀ በኋላ በምስጢር ይይዛል። ለመስክ ሥራ ሲወጣ የራሱ ሙሉ አበል፣ መኝታና ትራንስፖርት ይሸፈንለታል። የረዳቱ ወጪ በየፕሮጀክቱ በጀት ይያዛል፣ በፕሮጀክቶች መካከል ከመጠባበቂያ ይሸፈናል።»

የጎደለ ካለ ንገሩኝ፣ ነገ ለዳይሬክተሩ እልከዋለሁ።


ሒሳብ ሠራተኛ

በጀቱ ላይ ያለው ጥሩ ነው። «መጠባበቂያ» ስትዪ ከየትኛው ገቢ እንደሆነ ጥቀሺ፣ ለጋሽ ለሌላ ሥራ ከሰጠው ገንዘብ መውሰድ አትችሉም።


ነጭ በትር

አንድ ነገር ጎድሏል። ረዳቷም ሰራተኛ ናት፣ ትታመማለች፣ በመጀመሪያው ዓመትም 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አላት፣ ትወልዳለች፣ ያኔ 120 ቀን ቤቷ ናት። እሷ በሌለችበት ጊዜ እኔ ምን ልሁን? እኛ ጋ «እስክትመለስ በስልክ ተጋገዙ» ተብለን ነበር። ስለዚህ «ረዳቱ በፈቃድ ወይም በሕመም ሲለይ ድርጅቱ ተተኪ ይመድባል፣ ተተኪ እስኪመደብ ድረስ ያለው ጊዜ በሰራተኛው ምዘና አይያዝበትም» የሚል ጨምሪ። ተተኪውም የምስጢሩን ግዴታ ፈርሞ ነው የሚገባው፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን።